ዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ቡድኑን ወደ ላይኛው ክፍል ያሻግር ወይስ ባለበት ይቆይ? ለአንድ ወላጅ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ በአገር አቋራጭ ሩጫ ለዩኒቨርሲቲው ትወዳደራለች፤ ከወጪዋ ከፊሉን የሚሸፍንላት ስኮላርሺፕም አላት። አሁን ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑን ከኤፍ.ሲ.ኤስ ወደ ኤፍ.ቢ.ኤስ ለማሳደግ አስቦ፣ ወላጆች አስተያየት እንድንሰጥ መጠይቅ ልኮልናል። ከመጠይቁ ጋር የመጣው ደብዳቤ የቴሌቪዥን ገንዘብ ወጪውን እንደሚሸፍን፣ የዩኒቨርሲቲው ስም እንደሚታወቅና አመልካቾች እንደሚበዙ ይናገራል። ቡድኑ ባለፉት ሁለት ዓመታት ጥሩ ውጤት ስላስመዘገበ ማደግ ይገባዋል የሚሉም አሉ። ነገር ግን ስታዲየሙ በአብዛኛው ጨዋታ ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ ቡድኑን በጋበዘው ኮንፈረንስ (እርስ በርስ በሚጋጠሙ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ውስጥ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎችም አብዛኞቹ በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስባቸው ናቸው። የተማሪ ክፍያም በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ሊጨምር ይችላል ተብሏል። እንደግፍ ወይስ እንቃወም? የልጄ ቡድንስ ምን ይሆናል?»

ምላሽ፦

ከሁሉ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ቡድኑ በውጤቱ «ማደግ ይገባዋል» የሚለው አባባል ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በአውሮፓ እግር ኳስ ከታችኛው ሊግ በአንደኝነት የጨረሰ ያድጋል፣ ከላይኛው ሊግ ግርጌ የቀረ ይወርዳል። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በዲቪዚዮን አንድ ውስጥ ነው፤ ሩጫውም፣ ቅርጫት ኳሱም፣ ሌላውም ስፖርት በዚያው ይቀጥላል። ልዩነቱ ያለው በፉትቦል ብቻ ሲሆን፣ ዲቪዚዮን አንድ በዚህ ስፖርት ለሁለት ተከፍሎ ላይኛው ኤፍ.ቢ.ኤስ፣ ታችኛው ኤፍ.ሲ.ኤስ ይባላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዋንጫ ሳይሆን በላይኛው ክፍል ካሉት ኮንፈረንሶች የአንዱ ግብዣ ነው፤ ያለ ግብዣ የቀረበ ማመልከቻን የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ አይቀበልም። ኖርዝ ዳኮታ ስቴት ከ2011 እስከ 2024 በነበሩት 14 የውድድር ዘመናት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የኤፍ.ሲ.ኤስን ዋንጫ 10 ጊዜ ሲያነሳ በዚያው በታችኛው ክፍል ነበር። ፉትቦል የጀመረው በ2015 የሆነው ኬነሶ ስቴት ግን በ2022 ከኮንፈረንስ ዩ.ኤስ.ኤ ግብዣ ሲደርሰው፣ በዚያው የውድድር ዘመን 5 ጨዋታ አሸንፎ 6 ተሸንፎ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ግን ብዙ የቴሌቪዥን ተመልካች ባላት በአትላንታ አካባቢ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ቡድኑ ይመጥናል ወይስ አይመጥንም የሚለው አይደለም። በቀረበው ዋጋ የሚገዛው የኮንፈረንስ ወንበር ምን ያህል ይዘልቃል፣ ከፋዩስ ማን ነው የሚለው ነው።

የመግቢያው ዋጋ በቅርብ ዓመታት እጅግ ንሯል። እስከ 2023 ድረስ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ ለማመልከቻ የሚያስከፍለው 5,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አደረገው፤ ጋባዡ ኮንፈረንስ ለብቻው የሚጠይቀው መግቢያ ሲኖር በዚህ ላይ ይደመራል። ከዚያ በኋላ የዘወትሩ ወጪ ይከተላል። ወደ ላይኛው ክፍል የሚገባ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 16 ስፖርቶችን ማካሄድ፣ በሜዳው በየዓመቱ ቢያንስ 5 ጨዋታዎችን ከኤፍ.ቢ.ኤስ ቡድኖች ጋር ማድረግና በስኮላርሺፕ ላይ ከቀድሞው በጣም የበዛ ገንዘብ ማፍሰስ ይጠበቅበታል። ለረጅም ጊዜ በሠራው ደንብ የኤፍ.ሲ.ኤስ ቡድን ጣሪያ 63፣ የኤፍ.ቢ.ኤስ ደግሞ 85 ስኮላርሺፕ ነበር። ይህ የ22 ስኮላርሺፕ ልዩነት በፉትቦል ሜዳ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው የ1972ቱ ሕግ ለወንዶች የተጨመረውን ለሴቶችም ማመጣጠንን ስለሚያስገድድ፣ ትክክለኛው ሒሳብ ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ ከሚያሳዩት ከፍ ይላል። የአሠልጣኞች ደመወዝ፣ የሕክምና ባለሙያ፣ የልምምድ ሕንፃ፣ ለቴሌቪዥን ስርጭት የሚበቃ መብራትና የጋዜጠኞች ክፍል ደግሞ ገና አልተነኩም።

በደብዳቤው ውስጥ እጅግ አሳሳች ሆኖ ያገኘሁት የቴሌቪዥኑን ገንዘብ የሚመለከተው ነው። በጋዜጣ የምናነባቸው ቢሊዮኖች እውነት ናቸው፤ ባለቤታቸው ግን ሌላ ነው። ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ ከ2023 ጀምሮ ለ7 ዓመት የፈረመው ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። የብሔራዊው ሻምፒዮና ማጣሪያ ከሚያስገኘው ገቢም በአዲሱ ውል ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስዱት ቢግ ቴንና ኤስ.ኢ.ሲ የተባሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አዲስ የሚገቡ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚቀበሉት ኮንፈረንሶች ለአባሎቻቸው የሚያከፋፍሉት ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በብዙ ቦታ የተጨመረውን የጉዞ ወጪ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ለዚያችም ገንዘብ ዋጋ ይከፈላል። ኮንፈረንስ ዩ.ኤስ.ኤ በጥቅምት፣ ሚድ አሜሪካን የሚባለው ኮንፈረንስ ደግሞ በኅዳር ጨዋታዎቻቸውን ወደ ማክሰኞና ረቡዕ ምሽት የሚያዛውሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ የቅዳሜውን ሰዓት ለትላልቆቹ ስለሚሰጡ ነው። በማግስቱ ትምህርት ያለበት ተማሪና ሥራ ያለበት ቤተሰብ በሥራ ቀን ምሽት፣ ያውም በብርድ፣ ስታዲየም እንዲገባ መጠበቅ ከባድ ነው። በቅዳሜ ግማሽ የማይሞላ ስታዲየም ማክሰኞ ምን እንደሚመስል ቦርዱ ቢያስብበት መልካም ነው።

ቀሪው የገቢ መንገድ የታላላቆቹን ሜዳ ረግጦ መሸነፍ ነው። በላይኛው ክፍል ያለ አነስተኛ ቡድን አንድን ታላቅ ዩኒቨርሲቲ በሜዳው ሄዶ ሲገጥም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለዋል። ኬንት ስቴት በ2022 በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ዋሽንግተን፣ ኦክላሆማና ጆርጂያ ድረስ ሄዶ ተጫውቶ፣ ሦስቱንም ተሸንፎ ተመልሷል። ክፍያው በጀት ደግፏል፤ ጉዳቱን የተሸከሙት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው፤ የውድድር ዘመኑም ገና ሳይጋመስ ወደ ኋላ ተጎትቷል። በእንዲህ ያለ ገቢ ላይ የተገነባ ዕቅድ ሲቀርብልኝ የስፖርት ዕቅድ ነው ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ።

ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው በአብዛኛው ተማሪው ነው። ይህን በግልጽ ካስቀመጡት ግዛቶች አንዷ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ናት። የግዛቲቱ ሕግ የስፖርት ክፍሉ ወጪ በተማሪ ክፍያና በዩኒቨርሲቲው ድጎማ ሊሸፈን የሚችልበትን መጠን ይወስናል፤ ለኤፍ.ሲ.ኤስ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያው 70 በመቶ፣ ከታላላቆቹ ኮንፈረንሶች ውጭ ላለ የኤፍ.ቢ.ኤስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 55 በመቶ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ድጎማ መፍቀዱ ራሱ፣ ከታላላቆቹ ኮንፈረንሶች ውጭ ፉትቦል ራሱን ችሎ እንደማይቆም ይመሰክራል። በግዛቲቱ የሚገኘው ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩ በሕግ አውጪዎች ኮሚሽን መመርመር ነበረበት፤ እዚያ አንድ ተማሪ፣ ስታዲየም ገባም አልገባ፣ ለስፖርት ብቻ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። በእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ይጨመራል የተባለው «ጥቂት መቶ ዶላር» በአራት ዓመት ሲባዛ፣ በተማሪ ብድር ላይ ሲያርፍና ወለድ ሲታከልበት ጥቂት አይሆንም። እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ ላክል፦ ከፊል ስኮላርሺፕ ሁልጊዜ ክፍያዎችን አይሸፍንም፤ የልጅዎ ስኮላርሺፕ የሚሸፍነው የትምህርት ክፍያውን ብቻ ይሁን ወይስ ሌሎቹንም ክፍያዎች፣ ከገንዘብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ ስል የተሳካለት የለም ማለቴ አይደለም። ጄምስ ማዲሰን ራሱ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ነው። በ2022 ሰን ቤልት ኮንፈረንስን ተቀላቅሎ በመጀመሪያው ዓመት 8 ጨዋታ አሸነፈ፤ በ2023 መደበኛውን ውድድር 11 አሸንፎ በ1 ሽንፈት ፈጸመ፤ በ2025 መጨረሻ ደግሞ 12 ቡድኖች ብቻ ከሚገቡበት የብሔራዊ ሻምፒዮና ማጣሪያ ደርሶ በኦሬገን 51 ለ34 ተሸነፈ። የተሳካለት ግን ላይ ከወጣ በኋላ ባደረገው ነገር አይደለም። ሲወጣ ወደ 25,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየሙን የሚሞላ ደጋፊ አስቀድሞ ነበረው፤ በኤፍ.ሲ.ኤስ በ2004ና በ2016 ዋንጫ በልቷል፤ በጀቱም ከተቀላቀላቸው ቡድኖች ጋር የሚስተካከል ነበር። ከሁሉ በላይ የገባበት ኮንፈረንስ ኦልድ ዶሚኒየንን፣ ማርሻልንና አፓላቺያን ስቴትን የመሰሉ፣ ደጋፊ በመኪና ሄዶ የሚመለስባቸው ጎረቤቶች ነበሩት። አፓላቺያን ስቴትም በ2014 የወጣው ከ2005 እስከ 2007 ሦስት ተከታታይ ዋንጫዎችን ካነሳ፣ በ2007 ሚሺጋንን በገዛ ሜዳው 34 ለ32 ከረታ በኋላ ነው። የእነዚህን ዩኒቨርሲቲዎች ስም በደብዳቤ ላይ መጥቀስ ቀላል ነው፤ ከመውጣታቸው በፊት የነበራቸውን ግን ሁሉም የለውም።

ከዚያም ወዲህ ስኬቱ የራሱን ዕዳ ይዞ መጥቷል። ጄምስ ማዲሰን መልቀቁን ሲያስታውቅ የቀድሞው ኮንፈረንሱ በቀሪው የ2021-22 ዘመን የዩኒቨርሲቲውን ቡድኖች ከሻምፒዮና ውድድሮቹ አገዳቸው። እገዳው ከፉትቦል ውጭ ያሉ ስፖርተኞችን ነካ። የሴቶች ሶፍትቦል ቡድኑ በ2021 ኦክላሆማን አሸንፎ ከመላ አገሪቱ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውስጥ ገብቶ የነበረ ቢሆንም፣ በቀጣዩ ዓመት እነዚያ ልጆች ስለ ሌላ ስፖርት በተላለፈ ውሳኔ በኮንፈረንሳቸው ሻምፒዮና እንዳይወዳደሩ ተደርገዋል። ይህን በተለይ ያነሳሁት የእርስዎ ልጅ ሯጭ ስለሆነች ነው። አሠልጣኙ ከርት ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ ብዙ ተጫዋቾችን አስከትሎ ወደ ኢንዲያና ሄደ፤ ተተኪውም በ2025 መጨረሻ ወደ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ ተሻገረ። በዛሬው የዝውውር ደንብ በላይኛው ክፍል ያለ አነስተኛ ቡድን ባሸነፈ ቁጥር አሠልጣኙንና ምርጥ ተጫዋቾቹን ለታላላቆቹ ይገብራል። የሽግግሩ ሁለት ዓመትም አለ፦ በዚያ ጊዜ ቡድኑ የኮንፈረንሱን ሻምፒዮና መጫወት፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወደሚደረጉት የቦውል ጨዋታዎችም በራሱ መብት መግባት አይችልም፤ ወደ ቦውል የሚገባው ብቁ ቡድኖች ሲያንሱ ብቻ ነው፤ ጄምስ ማዲሰን በ2023 የተጋበዘውም በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ከእርስዎ ሁኔታ ጋር ወደሚቀራረበው ልምጣ። በሰሜን ምዕራብ፣ ሞስኮ በተባለች ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሚገኘው የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ወደ ላይኛው ክፍል ወጣ። ጣሪያ ያለው ስታዲየሙ የሚይዘው 16,000 ሰው ብቻ ስለነበር በ1999ና በ2000 «የሜዳው» ጨዋታዎች የተደረጉት በጎረቤቱ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። በኋላ የገባበት ደብልዩ.ኤ.ሲ የተባለው ኮንፈረንስ ጠንካራ አባላቱን ቦይዚ ስቴትን፣ ኔቫዳን፣ ፍሬዝኖ ስቴትንና ሃዋይን እየተነጠቀ ከ2012 የውድድር ዘመን በኋላ ፉትቦል ማካሄዱን አቆመ። አይዳሆ አንድ ዓመት ያለ ኮንፈረንስ ቆይቶ፣ አብዛኞቹ አባላቱ ከቴክሳስ እስከ ጆርጂያና ሰሜን ካሮላይና በተዘረጉት በሰን ቤልት ተጠለለ፤ ተጫዋቾቹ ለአንድ ጨዋታ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡ ነበር። በ2016 ያ ኮንፈረንስ አባልነቱን እንደማያድስለት ሲነግረው ዩኒቨርሲቲው ወደ ኤፍ.ሲ.ኤስ ለመመለስ ወሰነ፤ በ2018 ተመለሰ። እንዲህ በራሱ ውሳኔ ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። በዚያን ወቅት ከተመራቂዎችና ከለጋሾች የደረሰበት ቁጣ ቀላል አልነበረም። ቡድኑ ግን በአሮጌ ጎረቤቶቹ መካከል ከ2022 እስከ 2024 በተከታታይ ወደ ጥሎ ማለፉ ገብቷል።

ያው ደብልዩ.ኤ.ሲ በ2010 ለሞንታና ዩኒቨርሲቲም ግብዣ አቅርቦለት ነበር። ሞንታና ከ25,000 በላይ ሰው በሚገባበት ስታዲየሙ በቂ ደጋፊ ስለነበረው የመውጣት መብት አለኝ ቢል የሚከራከረው አልነበረም። የጥንት ተቀናቃኙን ሞንታና ስቴትን ትቶ መሄዱን፣ የወጪውን ክብደትና የኮንፈረንሱን መናወጥ አይቶ ግን እምቢ አለ። ጋባዡ ከሁለት ዓመት በኋላ ፉትቦል ማካሄዱን አቆመ። እኔ ይህን ውሳኔ በዚህ ዘርፍ ከተሰጡት ብልህ ውሳኔዎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ፤ የተሰጠውም ብዙ ደጋፊ በሚቃወምበት ሰዓት ነው። በምሥራቅ ደግሞ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ሲወጣ ጨዋታዎቹን ከግቢው መቶ ማይል ያህል ወደሚርቀው ፎክስቦሮ ወስዶ በዚያው ዓመትም በተከታዩም አንድ አንድ ጨዋታ ብቻ አሸነፈ፤ ከ2015 በኋላ ከኮንፈረንሱ ወጥቶ እስከ 2024 ድረስ ብቻውን ተንከራተተ።

ስለ አመልካቾች መብዛት የሚባለው ከፊል እውነት አለው። በ1984 የቦስተን ኮሌጁ ዳግ ፍሉቲ በመጨረሻዋ ሰከንድ በወረወራት ኳስ ማያሚን 47 ለ45 ካሸነፈ ወዲህ፣ የስፖርት ድል ማመልከቻ ያበዛል የሚለው እምነት ጸንቶ ኖሯል። ድል ስም ያስጠራል፣ ማመልከቻም ለአጭር ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ይህን የሚያመጣው ግን ማሸነፍ እንጂ ክፍል መቀየር አይደለም፤ አፓላቺያን ስቴት ሚሺጋንን የረታው በኤፍ.ሲ.ኤስ ሳለ እንደነበር ልብ ይሏል።

የልጅዎን ቡድን በተመለከተ መልካም ዜናውን ላስቀድም። ላይኛው ክፍል 16 ስፖርት ስለሚጠይቅና አገር አቋራጭ ሩጫ ብዙ ወጪ የማይፈልግ ስፖርት ስለሆነ፣ ማሻገሩ ቡድኗን ለማፍረስ ሰበብ ይሆናል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው በሌላ ነው። ግብዣው ለፉትቦል ብቻ ከሆነ ሯጮቹ በቀድሞው ኮንፈረንስ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ለሁሉም ስፖርት ከሆነ ግን በመኪና ይሄዱባቸው የነበሩ የኮንፈረንስ ውድድሮች በአውሮፕላን የሚኬድባቸው ይሆናሉ፤ ያመለጠውን ፈተናና የቀረውን ትምህርት የምትከፍለው እሷ ናት። በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ይህን አይደርስበትም፤ ነገር ግን ላይኛው ክፍል ገብቶ ለፉትቦል ተጫዋቾች ጥቂትም ቢሆን መክፈል ሲጀምር ገንዘቡ የሚወጣው ከዚያው ከአንዱ ካዝና ነው። በስምምነቱ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች የቡድን መጠን ገደብም አለባቸው፤ በፉትቦል 105፣ በአገር አቋራጭ ሩጫ 17 ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በስምምነቱ ውስጥ ይሁን አይሁን፣ ልጅዎ ከ17ቱ አንዷ ትሁን አትሁን አሠልጣኟን ትጠይቅ።

ባሉበት መቆየትም ነፃ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ኤፍ.ሲ.ኤስ ውስጥም ፉትቦል ያከስራል፤ ጎበዝ ተጫዋቾችም በዝውውር ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ጎረቤቶች ሲወጡ የቀረው ኮንፈረንስ ይሳሳል። የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ነባር ተቀናቃኞች ሁሉ ወጥተው ብቻውን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ በተለወጠ ነበር። በላኩልኝ ጥያቄ ውስጥ ግን ይህን የሚጠቁም ነገር አላየሁም።

ስለዚህ አስተያየቴ የማያሻማ ነው፦ አሁን በቀረበው መልክ ይቃወሙ። ግማሹ ባዶ የሆነ ስታዲየም፣ በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስበት ኮንፈረንስና በተማሪ ክፍያ የሚሞላ በጀት አንድ ላይ ሲገኙ፣ አይዳሆ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ የተመለሰበትን መንገድ መጀመር ነው። በመጠይቁ ላይ «እቃወማለሁ» ብለው ብቻ አይተዉት፤ ቦርዱ መልስ እንዲሰጥባቸው የሚከተሉትን ይጻፉ። የአምስት ዓመት በጀት የፆታ ማመጣጠኛውን፣ የጉዞውንና የመግቢያውን 5 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ይፋ ይደረግ፤ በጀቱ ቡድኑ በየዓመቱ 3 ጨዋታ ብቻ ቢያሸንፍ ምን እንደሚመስልም ያሳይ። ለጋሾች እንሰጣለን ያሉት ገንዘብ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት በፊርማ ይረጋገጥ። የተማሪ ክፍያ ጭማሪ የሚኖር ከሆነ ተማሪዎች ራሳቸው ድምፅ ይስጡበት። ኮንፈረንሱ አባል ቢለቀው ወይም ቢፈርስ ለዩኒቨርሲቲው የሚደርሰው ካሳና የመውጫው ዋጋ ምን እንደሆነ ከውሉ ተጠቅሶ ይነገር። እስከዚያ ስታዲየሙን በሁለት ተከታታይ ዓመታት ከሦስት አራተኛ በላይ መሙላት እንደ ቅድመ ሁኔታ ይቀመጥ፤ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ በአማካይ 15,000 ተመልካች ይኑር የሚለውን ደንብ በ2023 ስላነሳው ይህን መለኪያ ማስቀመጥ የቀረው ለዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። የመጠይቁ መመለሻ ቀን ከቦርዱ ስብሰባ በፊት መሆኑን ያረጋግጡና የላኩትን ግልባጭ ለተማሪዎች ምክር ቤትና ለመምህራን ምክር ቤቱም ያድርሱ።